በሬ የወጋው ባሕር

በአንድ ወር ውስጥ አምስት ዓሣ የገደለው ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ዓሣ ነው። ጥቁር ነው፤ ጎኑ ላይ ሦስት ነጭ መስመሮች አሉት። መጀመሪያ ጅራት ይነክሳል። የተነከሰው መዋኘት ሲያቅተው ዓይኑን ያወጣዋል፤ ቀጥሎ ሆዱን ይቀደዋል። ይህን ሁሉ ወንበር ስቤ ከመስታወቱ ፊት ተቀምጬ አይቻለሁ። ከሥራ ስመለስ ማረፊያዬ እሱ ነበር። ልጄ ከኋላዬ ቆማ «አባዬ፣ አውጣው እንጂ፤ ሁሉንም ይጨርሳቸዋል» ስትለኝ «ተይው፤ ደካማው መሸሽ ይማር፤ ካልተማረ የራሱ ጉዳይ ነው» አልኋት። እንዲህ ያለ ነገር በመናገር የታወቅሁ ሰው ነኝ።

የምኖረው ደባርቅ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ታች ተወርዶ፣ ከተማው አልቆ የገብስ ማሳ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ። ሥራዬ መስታወት መቁረጥና የአሉሚኒየም በርና መስኮት መግጠም ነው። ማንም አላስተማረኝም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ጎንደር ወረድሁና የሌሎችን እጅ እያየሁ ለመድሁት። ጌታዬ የሚሆን ሰው ስላልነበረኝ ስሳሳት የሚገሥጸኝ ራሴ ነበርሁ፤ ራሴን የምገሥጸውም በክፉ ነው። ኋላም ቤተሰብ ሳፈራ ሌላ መንገድ አላወቅሁም።

ዓሣው ወደ ቤታችን የገባው በታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ልጄ፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ በስልኳ የባሕር ዓሣ አይታ አጎቷን ለመነችው። እኔም ከመስኮት የተረፈ ስድስት ሚሊ መስታወት በሲሊኮን አጣብቄ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ገንዳ ሠራሁ። ወንድሜ የባሕር ውሃውን በጀሪካን፣ ዓሣዎቹን በሌላ ጀሪካን፣ በባትሪ የምትሠራ የአየር ፓምፕ ጨምሮ ከጅቡቲ ደባርቅ ድረስ አመጣቸው። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ በሕይወት ደረሱ። የቤታችንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያበድን ሊመስለው ይችላል። ማሞቂያ ገዛን። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ እንጠቀልለዋለን፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እናንሳፍፍበታለን። ሚስቴ «እኔን በወሊዴ ጊዜ እንዲህ አልጠቀለልኸኝም» ትላለች። ውሸት አይደለም።

ከደረሱት ሰባት አምስቱን ጥቁሩ በላቸው። ከእሱ ሌላ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። አሸዋ ትመስላለች፤ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አላት። አትዋኝም ማለት ይቻላል፤ በሁለት ክንፎቿ እንደ እጅ እየተመረኮዘች መሬቱን ትድሃለች፤ ዓይኖቿ ከጭንቅላቷ በላይ ወጥተው ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ። ልጄ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት እሷን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁሩ የዚህችን ክንፍ ነከሰ። ልጄ ጮኸች። እኔ ተነሣሁ። ለዓሣዋ አዝኜ አይደለም፤ ጩኸቱ በእኔ ላይ የተጮኸ መስሎኝ ነው። ጥቁሩን በሻይ ማጥለያ ጥግ ላይ አጣብቄ አወጣሁት፤ ሊሾው ላይ ጣልሁት፤ በጫማዬ ተረከዝ ጨፈለቅሁት። «ይኸው፣ አለቀ» አልኋት።

ወለሉን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። «አሁን ምን አደረገ? ተይው ያልኸው አንተ አይደለህ? እሱ እንስሳ ነው፤ አያውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ።»

በጥፊ መታኋት። ግራ ጆሮዋ ላይ አረፈ። መስታወት ተሸክሞ የኖረ እጅ ከባድ ነው። ሄዳ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨችና ተቀመጠች። ከጆሮዋ ቀጭን ደም ወረደ።

ልጁን የሚመታ አባት ሁሉ ምክንያት አለው። እኔም ነበረኝ፤ አሁን ግን ልጽፈው ስፈልግ አላገኘሁትም። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት ልጄ «ወደቅሁ» አለች። ሚስቴ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ቤቴ ውስጥ ውሸት እንዳይነገር ልጄን ቀጥቅጬ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ውሸቱ እኔን ሲያድን ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ አላናገረችኝም። የቤት ሥራዋን አላጓደለችም። እጅ የምታስታጥበኝ እሷ ናት፤ ምግብ የምታቀርበው እሷ ናት። ቃል ግን የለም። ስትፈልገኝ በእናቷ በኩል ነው፤ ስሜም «እሱ» ሆነ። «እማዬ፣ መብራቱ ሊጠፋ ነው መሰለኝ፤ ማሞቂያውን ይንቀለው በዪው።» እኔ ከጎኗ ቆሜ እሰማለሁ። እናቷም ወደ እኔ ዞራ «ይንቀለው ትላለች» ትለኛለች። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ቀጥሎ ኮራሁ፤ ቀጥሎ ሱቅ ውስጥ መስታወት በተሳሳተ ልክ መቁረጥ ጀመርሁ።

በእነዚህ ወራት የቀረችው ዓሣ ከሳች። ደረቅ ምግብ ብንሰጣት አልነካችም። የእንቁላል አስኳል፣ ከሥጋ የተፋቀ ቀይ፣ ወንድሜ ያመጣው የደረቀ የባሕር ትል፣ ሁሉንም ሞከርሁ። ፊቷ ላይ ሲወድቅ ታየዋለች፤ ታልፈዋለች። የሞተ ነገር አትበላም። ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ሚስቴ ሱቅ ድረስ መጣች።

«ሌላ ትንሽ ገንዳ ያስፈልጋል ትላለች» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሣር ያለበት። ያቺ የምትበላቸው፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ነፍሳት አሉ አለች፤ ከዓሣዎቹ ጋር የመጣው ድንጋይ ላይ ነበሩ፤ አልቀዋል። በትንሹ ገንዳ ማንም ሳይበላቸው ይራባሉ፤ ውሃው ሲመላለስ ጥቂት ጥቂቱን ያወርድላታል። መሸሸጊያ ነው ያለችው።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ካልሆነ በሳምንታት ውስጥ ትሞታለች አለች። ሌላ አላለችም።»

ሌላ እንድትል ጠብቄ ነበር። ማንም ቃል አልገባልኝም፤ ለራሴ ግን ወሰንሁ፦ ዓሣዋ ከዳነች ልጄ ታናግረኛለች፤ ከሞተች እስከ መቼም አታናግረኝም። ለወንድሜ ደወልሁና ከባሕር ሣር ያለበት ድንጋይ እንዲያመጣልኝ ነገርሁት። እስኪመጣ ድረስ መስታወት ቆረጥሁ።

የመጀመሪያውን መሸሸጊያ ከትልቁ ገንዳ በታች፣ ከጠረጴዛው ሥር አደረግሁት። አሠራሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከላይ የሚተርፈው ውሃ በቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፓምፑ ደግሞ በቱቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የታችኛውን እስከ አፉ ሞላሁት፤ ሰፊ ውሃ ለነፍሳቱ ይበጃል ብዬ ነው። የመመለሻውን ቱቦ ጫፍ ደግሞ ድምፅ እንዳያሰማ በላይኛው ገንዳ ውሃ ውስጥ አስጠለቅሁት። ሙሉ ቀን ሠራ። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ልጄ ከበሩ ላይ ሆና አየች።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። ደባርቅ ላይ መብራት እንደማይጠፋ አድርጎ የሚሠራ ሰው ተላላ ነው፤ ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ፓምፑ ሲቆም በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ተመለሰ፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነም የላይኛውን ገንዳ እየሳበ ይዞት ወረደ። የታችኛው ሙሉ ነው። ወዴት ይሂድ? ከሱቅ ስመለስ ሊሾው ባሕር ሆኗል፤ ጥግ የቆመው የጤፍ ማዳበሪያ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ጥሩ ነው፤ ለዚህ እንጀራ ወጥ አያስፈልገውም» አለች።

ቀልዷን አልቻልሁትም። የታችኛውን ገንዳ በእግሬ መታሁት። ተሰበረ፤ ቅልጥሜን ሰነጠቀኝ። ሁለተኛ መታሁት። ሦስተኛ ስመታው መስታወት አልቀረም፤ የምመታው የጠረጴዛውን የብረት እግር ነበር። ልጄ ገብታ፣ ከእኔ ዞር ብላ፣ ውሃውን መጥረግ ጀመረች። ያቺ ዓሣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ጥግ ተለጥፋ ቀርታለች። ቁጣ ምንም ነገር እንደማይጠግን ለልጄ ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ። ደሜ ከጨው ውሃው ጋር ሲሄድ ቁስሉ አቃጠለኝ፤ ይበለኝ አልሁ።

ሁለተኛውን ከመሥራቴ በፊት ሳምንት ሙሉ አሰብሁበት። ገንዳው ፊት ቁጭ ብዬ የውሃን ጠባይ አጠናሁ። ውሃ አያምፅም፤ ወደታች መሄድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያንን ካወቅሁለት አያታልለኝም አልሁ። ስለዚህ መሸሸጊያውን ከላይ አደረግሁት፤ ከትልቁ ገንዳ በላይ፣ ግድግዳው ላይ። ሁለት የብረት ክንዶች በይጄ በግድግዳው ቋሚ እንጨቶች ላይ በብሎን አሰርሁ፤ ትንሹን ገንዳ በላያቸው አስቀመጥሁ። ፓምፑ ከትልቁ ወደ ትንሹ ያወጣል፤ ከትንሹ ደግሞ በሰፊ ቧንቧ ራሱ ይወርዳል። የቱቦው ጫፍ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ያፈስሳል እንጂ አይጠልቅም፤ ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም አየር ይስባል እንጂ ውሃ አይስብም። ትልቁንም ሦስት ጣት አጉድዬ ሞላሁት። ሶኬቱን አሥር ጊዜ ነቀልሁ። አሥር ጊዜም አንዲት ጠብታ ሊሾው ላይ አልወደቀችም። ከዚህ በኋላ ይህ ቤት በውሃ አይጥለቀለቅም ብዬ ለሚስቴ ነገርኋት፤ ልጄ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ወንድሜ መንገዱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ዘገየ። ሣሩን ሲያመጣው የተምታታ አረንጓዴ ፀጉር ይመስል ነበር። ከላዩ አምፖል አንጠለጠልሁለት። ከአሥር ቀን በኋላ ልጄ መሸሸጊያው ፊት በርጩማ ላይ ቆማ አየኋት፤ መስታወቱ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይሮጣሉ። ከነዚያ አንዳንዱ በቧንቧው ወርዶ ታች ይታያል። ዓሣዋ ገና ከሲታ ናት፤ ግን ዓይኗን ማዞር ጀምራለች። «ብዪ» አለቻት ልጄ፣ ቀስ ብላ። እኔ ክፍሉ ውስጥ እንዳለሁ እያወቀች ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ለዓሣ ነበር፤ እኔ ግን ድርሻዬን ወሰድሁ።

አሁን ስሕተቴን ልናገር። የገንዳው ውሃ በየሳምንቱ ጥቂት እየተቀዳ ወንድሜ በጀሪካን በሚያመጣልን አዲስ ይለወጣል። አሮጌውን ጨዋማ ውሃ ጓሮው ላይ አልደፋውም፤ ጎመኑን ይገድለዋል። ስለዚህ ከቤቱ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር እደፋዋለሁ። ቤታችን የጭቃ ነው፤ በእንጨትና በማገር ተሠርቶ በጭድና በጭቃ የተመረገ። ከወዲያ ማዶ የጎረቤቴ ግቢ ነው። እሱ በዕድሜ የሚበልጠኝ ገበሬ ነው፤ ሁለት በሬዎች አሉት። ለከብት ጨው የማያልስ ቤት በእኛ አገር የለም፤ እኔም በሬ ጨው ሲሸተው ምን እንደሚሆን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን የምደፋው ውሃ እንጂ ጨው አልመሰለኝም። በከተማ ሰው ዓይን ሳየው ከርሜ የገበሬውን ዓይኔን አጥቼዋለሁ።

በሬዎቹ መጀመሪያ መሬቱን ላሱ። ከዚያ የግድግዳውን እግር። ምላሳቸው እንደ ሞረድ ነው፤ ምርጉን እየፋቁ ማገሩ ታየ። አንድ ጠዋት በድንጋይ ሳባርራቸው ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይስቃል።

«አንቱ፣ በሬዎቼ ግድግዳዎን ምነው እንዲህ ወደዱት? ምርጉን በጠላ ነው የለሰኑት?»

«በሬዎችዎን አስረው ይያዙ።»

«ሳር ቢያጡ ነው?»

«ቤቴን እየበሉብኝ ነው፣ አንቱ!»

«ቤትዎ ከጣፈጠ የበሬው ጥፋት ምንድን ነው? ጨው ሲደፉ አይቻለሁ። ማባበሉን ይተዉ፤ እነሱም ይተዋሉ።»

ልክ ነበር። ውሃውን እስከ ቦዩ ወስጄ ለመድፋት ሰማንያ እርምጃ ነው። አልወሰድሁትም። ግድግዳው የእኔ፣ ውሃው የእኔ፣ ለምን እኔ እሸከማለሁ አልሁ። በማግስቱ ቀዩ በሬ ሲልስ አገኘሁትና ጎኑን በፌሮ ብረት መታሁት። ቆዳው ተተለተለ። ጎረቤቴ ዱላ ይዞ መጣ። ሚስቴ መካከላችን ገባች፤ «ስለ መድኃኔ ዓለም!» እያለች። እኔና እሱ በአንቱ ተሰዳደብን፤ በአንቱ ተማማልን። «ሁለተኛ ቢነኩት እጅዎን እቆርጠዋለሁ።» «ሁለተኛ ቢመጣ አርደዋለሁ።» ልጄ በመስኮት ታየን ነበር። ዞር ብዬ ሳያት መጋረጃውን ዘጋችው።

የሆነው በገበያ ቀን፣ ክረምቱ እንደገባ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ባባራበት ጊዜ ነው። ሚስቴ ገበያ ነበረች። እኔ ፊት ለፊት ግቢው ውስጥ አሉሚኒየም እየቆረጥሁ ነው። ልጄ ቤት ውስጥ ናት። ከገጠር ለገበያ የሚነዳ ኮርማ ከነጂው አምልጦ ጨው ሸተተው መሰለኝ ከቤቱ ኋላ ገባ። እዚያ ቀዩ በሬ አለ። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ ቀንድ ከቀንድ ሲጋጭ። ኮርማው በሬውን ገፍቶ ከግድግዳው አጣበቀው፤ በሬው ሊያመልጥ ሲዞር ራሱን በላሰው ቦታ ወረወረው። ግድግዳው ከዝናቡም ከውሃዬም የራሰ ነው። ቀንዱ ገባ፤ ጭንቅላቱም ተከተለ። የመሸሸጊያው ክንድ የታሰረበት ቋሚ ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ መስታወት መስታወት ላይ ሲወድቅ። መስታወት ሲሰበር የመጠኑንና የውፍረቱን ድምፅ እለያለሁ፤ የሁለቱንም ገንዳዎች ለየሁ።

ውሃው በበሩ ሥር ወጥቶ እግሬ ድረስ መጣ፤ አሸዋ ይዟል።

ልጄ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ። መጀመሪያ የሮጥሁት ግን ወደ በሬው ነው። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ዋጋ የለውም።

ኮርማው ሸሽቷል። በሬው ጭንቅላቱ ማገሩ ውስጥ ተሰንቅሮ ይጮኻል። ፌሮውን አንሥቼ አንገቱን መታሁት። ጀርባውን መታሁት። ከቀንዱ ሥር መታሁት፤ ቀንዱ ተሰነጠቀና ደሙ እንደ ቧንቧ ፊቴ ላይ ተረጨ። መምታት አላቆምሁም። ጎረቤቴ ከኋላ ዘለለብኝ። ጭቃው ላይ ወደቅን። በዱላው ቅንድቤን ከፈተኝ፤ እኔ ትከሻውን ነከስሁት። ጨው፣ ደም፣ ጭቃ አፌ ውስጥ ገባ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ጉልበቱ አለቀ። ደረቱ ላይ ተንበረከክሁ፤ እጄ ጉሮሮው ላይ ነበር። «አንቱ... ይልቀቁኝ...» ይላል። ከቤት ውስጥም ሰው እንደሚጣራ ይሰማኛል፤ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ አልለይም፤ ሁሉም የበሬው ይመስለኝ ነበር።

ልጄ በቤቱ ዳር ዞራ መጣች። ሁለት እጆቿን አጣምራ ደረቷ ላይ ይዛለች፤ ከጣቶቿ መካከል ደም ይንጠባጠባል። እየተደባደብን እንዳለን ያላየች ያህል በአጠገባችን አለፈች። ከጣሪያው ጠፈጠፍ ራቅ ብሎ የባሕር ውሃ ያለበት ጀሪካን አለ። አጠገቡ ተንበረከከች። እጆቿን መክፈት አልቻለችም፤ ክዳኑን በጥርሷ ሞከረችው። አልተከፈተም። ከዚያ ዞር አለች።

«አባዬ። ክዳኑን።»

ለወራት የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ሲመጣም እጄ የሰው ጉሮሮ ላይ ነበር። ወዲያው አልተነሣሁም። ጎረቤቴ ከሥሬ ሆኖ እየሳለ «ይሂዱ እንጂ! ልጅዎ አይደለችም?» አለኝ።

ተነሣሁ። ክዳኑን ፈታሁት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር፤ ውሃውን ገለበጥሁበት። ልጄ እጇን ሳፋው ውስጥ አስገብታ ከፈተችው። ዓሣዋ መዳፏ ላይ ናት፤ መዳፏ በመስታወት ከአውራ ጣት ሥር እስከ ትንሿ ጣት ተቀዷል። ዓሣዋ በጎኗ ወደታች ሰጠመች። ጉንጯ አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ ብዙ ቆይቶ ሁለተኛ።

«ሣሩ» አለች ልጄ፣ ተነሥታ።

«ቁጭ በዪ፤ እኔ አመጣዋለሁ።»

ገባሁ። ሊሾው ላይ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ስብርባሪ ተኝቷል፤ ከግድግዳው የበሬው ጭንቅላት ወጥቶ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ሣሩን ከመስታወቱ ውስጥ በጣቴ ለቀምሁት። ነጫጮቹ ነፍሳት ገና ይንቀሳቀሱበት ነበር። አምጥቼ ሳፋው ውስጥ ጣልሁት። ልጄ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ አጎነበሰች፤ እኔም አጎነበስሁ፤ ጎረቤቴም አንገቱን እያሸ መጥቶ አጎነበሰ። «ለዚህች ነው?» አለ። ጣቱን ወደ ሳፋው ቀሰረ። «ለዚህች ነው በሬዬን የገደሉት?»

«አልሞተም» አልሁት።

«ታዲያ ያውጡልኝ።»

ሄጄ በዚያው በመታሁበት ፌሮ የራሴን ግድግዳ አፈረስሁ፤ ማገሩን በእጄ ነቀልሁ፤ እሱ የበሬውን አንገት ይዞ እያባበለ። ጭንቅላቱ ሲወጣ አንዱ ቀንድ እኔ ዘንድ ቀረ። በሬው አልተዋጋም፤ ቆሞ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አጎንብሶ የፈሰሰውን ላሰ። ጎረቤቴ ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም፤ አለቀሰ።

ወደ ሳፋው ስንመለስ ዓሣዋ ቆማለች። በሁለት ክንፎቿ ተመርኩዛ ወደ ሣሩ ዳኸች፤ ዓይኗን አዞረች፤ አንዲት ነጭ ነጥብ ነጠቀች።

«በላች» አለች ልጄ። ለማን እንደተናገረች አላውቅም፤ ሦስታችንም እዚያ ነበርን።

ጤና ጣቢያ ያችው ነርስ ነበረች። መዳፏን ስትሰፋላት የልጄን ፊት አየች፤ የእኔን የተከፈተ ቅንድብና በደም የራሰ ሸሚዝ አየች። «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«ዛሬ መስታወት ነው» አለች ልጄ።

ነርሷ እጇን አላቆመችም። እኔ ከክፍሉ ወጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አንዲት ቃል ጨምራ እውነቱን ሁሉ ተናገረች። ያን ቀን ነርሷ ፊት ቆሜ «ያኔም እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ለጎረቤቴ ግን ሽማግሌ ሳልጠብቅ በማግስቱ ሄጄ ጉልበቱ ላይ ወድቄያለሁ፤ የእርሻውን ወቅትም የሱቄን ሥራ ትቼ በጉልበቴ አግዤዋለሁ። ግድግዳውን እስከ ወገብ በድንጋይና በሲሚንቶ ስሠራው ድንጋዩን በበሬዎቹ ጎትቶ ያቀረበልኝ እሱ ነው። አንድ ቀንድ የቀረው ቀዩም ጎተተ።

አሁን አሮጌውን ውሃ ሰማንያውን እርምጃ ተሸክሜ ቦዩ ውስጥ እደፋዋለሁ። አዲሱ መሸሸጊያ ግድግዳ አይነካም፤ በራሱ የብረት እግር መሬት ላይ ቆሟል። ቱቦውም ውሃ አይነካም። መብራት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይጠፋል፤ ሊሾው ደረቅ ነው። ዓሣዋ ሆዷ ሞልቷል። ልጄም ታናግረኛለች። ወጥ ላይ ጨው በዛ ትለኛለች፣ ስልኳ ላይ ያየችውን ታሳየኛለች፣ «አባዬ» ትለኛለች። የተመኘሁትን አገኘሁ ብዬ ነበር።

እንዳላገኘሁት ያየሁት አዲሱን ገንዳ ስናጣብቅ ነው። ልጄ ሲሊኮኑን በተሰፋው እጇ ይዛ ጠርዙ ላይ ታስኬዳለች፤ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ መስመር ታወጣለች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜያለሁ። መጥረጊያ ጨርቁ ከፊቷ ነበር፤ በትከሻዋ ላይ አሳልፌ እጄን ሰደድሁ። ወደ መሬት ወረደች። ግራ ጆሮዋን በክርኗ ሸፍና ቁጢጥ አለች። የሲሊኮኑ መስመር ተጠማዝዞ መስታወቱ ላይ ተለቀለቀ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ጨርቁን አልወሰድሁም። እሷ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ፊቷ ቀላ፤ ያጠፋች እሷ የሆነች ይመስል «ይቅርታ አባዬ፣ ተበላሸ» አለችኝ። ምላጭ አምጥታ የተበላሸውን ፋቀች። እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ ተመለስሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከጎኗ ስሠራ እጄን ከማንሣቴ በፊት እናገራለሁ። «ጨርቁን ልወስድ ነው።» «አምፖሉን ላስተካክል ነው፣ በላይሽ።» እሷም «እሺ አባዬ» ትላለች። ዓይኗን ግን እጄ ተመልሶ እስኪወርድ ድረስ ከእጄ ላይ አታነሣም።